ይነሳል ያሉት

የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ የተረጎመላት በአንድ ቃል ነበር። ፈረንጁ ሐኪም ረጅም ነገር ተናገረ፤ መዳፉን እንደ ጣባ አጎድጉዶ ወደ ላይ ከፍ አደረገ፣ በሌላው እጁ ጣቶች አየሩን እንደ መቀስ ቆረጠ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ድሬሰሩ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ ወደ የሻረግ ዞረና «ይነሳል ይላሉ» አላት።

«እሺ» አለች።

ለምን እሺ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። የመጣችው ለጀርባ ሕመም ነበር። ጀርባዋን ያየው ሐኪም ወደዚህኛው ላካት፤ ይኼኛው ደግሞ ደረቷን አስገልጦ ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ ከጡቶቿ ሥር የቆሰለውን ቆዳ አየና ያን ሁሉ ተናገረ። የሻረግ በሁለት ወንዶች ፊት ደረቷን ገልጣ ጥያቄ የምትጠይቅ ሰው አልነበረችም። ነጠላዋን ሰብስባ ከክሊኒኩ ስትወጣ ድሬሰሩ ከኋላዋ ተከትሎ፣ ሐኪሙ ክረምት ሳይገባ ወደ አገሩ እንደሚመለስ፣ ከፈለገች ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት እንድትመጣ ነገራት።

አውቶቡሱ ከደሴ ተነሳ። ሐይቅን ሲያልፉ ነው ቃሉ ያሳሰባት። አውቶቡስ ይነሳል። ገበታ ይነሳል። የወደቀ ዕቃ ከመሬት ይነሳል። ሬሳም ይነሳል። ጡት ሲነሳ ግን ምን ይሆናል? ከፍ ይላል ወይስ ጨርሶ ይወሰዳል? ውጫሌ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር፣ ተመልሳ ብትጠይቅ ምን እንደምትል በልቧ ትለማመድ ነበር። ውርጌሳ ላይ ልምምዱን ተወችው። መርሳ ስትወርድ ቃሉ እንዳልተፈታ የጨርቅ ጣቃ እንደታጠፈ ነበር።

የሻረግ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ እሷን በወለደች በሳምንቷ ስለ ሞተች ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ታደለች ናቸው። ያኔ እርሳቸውም አራስ ነበሩና አንዱን ጡት ለልጃቸው፣ አንዱን ለእሷ ሰጥተው አሳደጓት። ልጃቸው አድጎ አሰብ ወርዷል፤ የሻረግ ግን መርሳ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ሱቅ አብራቸው ጨርቅ ትሸጣለች። እጇ አይሳሳትም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጨርቁን በጣቶቿ መሃል አሸት አድርጋ፣ ጥጡን ከቴትሮን፣ የታጠበውን ካልታጠበው ትለያለች።

ደረቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ማደጉን አላቆመም። ከአቡጀዲ ራሷ በሰፋችው መያዣ ትሸከመዋለች፤ ማሰሪያው ትከሻዋ ላይ ሁለት ቦይ አውጥቷል፣ ጣት ያስገባል። የመርሳ ሙቀት ሲበረታ ከጡቶቿ ሥር ያለው ቆዳ ይላጣል፣ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋ ታስገባበታለች። ከሰዓት በኋላ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቅታታል። ጨርቅ ስትለካ ሜትሩን ለማየት ወደ ጎን ማዘንበል አለባት። የጭነት መኪና ሾፌሩ ፈንታው በሱቁ ፊት ባለፈ ቁጥር «የሺ ከመርሳ ስትነሳ ደረቷ ውርጌሳ ደርሶ ይጠብቃታል» ይላል፤ መንገደኛው ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ጣቃዎቹ ላይ ታስደግፋለች።

ወልድያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ገበየሁ የሚባል መካኒክ ሽማግሌ ልኮባት፣ ለመጪው ጥር ቀን ተቆርጦላቸዋል። የሻረግ ቀና ብላ መሄድ ትፈልጋለች። ልጅ ወልዳ ማጥባትም ትፈልጋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ይጋጫሉ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ምን አሉሽ?» አሉ እትዬ ታደለች፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

«ይነሳል አሉኝ።»

«ምኑ?»

የሻረግ በአገጯ ወደ ታች አመለከተች።

«ወይ አምላኬ! ገበታ ነው እንዴ የሚነሳው? ማን በልቶ ጨረሰና ነው የሚያነሱት?»

«እትዬ፣ ከፍ ይላል ማለታቸው ይሆናል።»

«በምን ተንጠልጥሎ? በሚስማር?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሻቸውም?»

«አልጠየቅሁም።»

እትዬ ታደለች ተቀመጡ። ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል» አሉ። «ፈረንጅ የማያነሳው ነገር የለም። አህያውን ያነሳል፣ ገደሉን ያነሳል። አንስቶ ወስዶ ለአገሩ ሰው ሊያሳይሽ ነው።»

«ታዲያ ምን አለበት?» አለ አንድ ድምፅ። ለመኪናው ሸራ ሊገዛ የመጣው ፈንታው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ፋሲካ አይደል? በፋሲካ የማይነሳ የለም።»

«ዝም በል አንተ ባለጌ!»

«እትዬ ታደለች ይሙቱ፣ ቀልዴን አይደለም። ግራና ውስጥ መሪማ የምትባል አለች፣ የሽንኩርት ነጋዴው የሲራጅ ሚስት። አሥመራ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ፣ ተነስቶላት ነው የመጣች። ሰው ሁሉ ጡት የላትም ይላል።»

«አየሽ!» አሉ እትዬ ታደለች።

«ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልዳለች» አለ ፈንታው፣ ሸራውን እየዳበሰ። «ልጅቱን በዓይኔ አይቻታለሁ። ጉንጯ ይኼን ያህላል።»

ጡት የሌላት ሴት እንደዚያ ያለ ጉንጭ በምን አሳደገች?

የሻረግ ሸራውን ልትለካለት የያዘችውን ሜትር አስቀመጠች። «ወደ ግራና መቼ ነው የምትሄደው?»

ፈንታው አያት። ሊቀልድ ከንፈሩን ከፍቶ ነበር፣ ተወው። «ለገበያው» አላት። «ከፊት አስቀምጥሻለሁ።»

የግራና መንገድ አቧራና ጉድጓድ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር የሻረግ ደረቷን በሁለት ክንዷ ታቅፋ ትይዛለች። ፈንታው እስኪደርሱ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ከሲራጅ ቤት አጠገብ አወረዳትና «ስትጨርሺ ገበያው ዳር ነኝ» ብሎ ሄደ።

መሪማ ከደጇ ዛፍ ጥላ ሥር ሽንኩርት ትመርጣለች፤ የተበላሸውን ወደ ኋላዋ፣ ደህናውን ወደ ፊቷ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናት። ጉንጫሟ ልጇ ለይላ የሽንኩርት ልጣጭ ራሷ ላይ እየበተነች ትጫወታለች። የሻረግ ሰላምታ ሳትሰጥ በፊት ዓይኗ የሄደው ወደ ሴትዮዋ ደረት ነበርና አፈረች። ደረት ነበራት። የማንንም ሴት ደረት የሚመስል ደረት።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ መሪማ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቱ አትበይኝ፣ ገና ጥርሴ አልወለቀም። ምን ልስጥሽ?»

«ሽንኩርት» አለች የሻረግ።

የራሷን ሻሽ ፈታ ዘረጋች። መሪማ ጨመረችበት። «ይበቃሻል?»

የሻረግ ጥያቄዋን ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። «ትንሽ ጨምሪልኝ» የሚል ወጣ። መሪማ ጨመረች። የሻረግ እንደገና ሞከረች። «ትንሽ ደግሞ።» ሻሹ ሞልቶ አንዱ ሽንኩርት ተንከባለለ፤ ለይላ ተከትላው ሄደች።

«አንቺ ልጅ፣ ድግስ ልትደግሺ ነው ወይስ እርሻ ልትጀምሪ?»

«ሰርግ እንኳ አለብኝ…»

መሪማ እጇን ከሽንኩርቱ ላይ አራገፈች። «ስሚኝ። እዚህ ደጅ እንቁላል ልትገዛ የምትመጣ አለች፣ እሳት ልትጭር የምትመጣ አለች፣ ያልጠፋ ዶሮዋን ልትፈልግ የመጣችም አለች። ሁሉም የሚያዩት ይኼን ነው» ብላ ደረቷን በጣቷ ነካች። «አንቺ ግን ለወሬ አልመጣሽም። አቀማመጥሽን አየሁት። እኔም እንደዚያ ነበር የምቀመጠው፣ ጉልበቴ ላይ አሳርፌው። በይ ጠይቂ።»

የሻረግ ነገረቻት፤ ስለ ጀርባዋ፣ ስለ ሐኪሙ እጅ፣ ስለ ድሬሰሩ ቃል። «ይነሳል ማለት ይወሰዳል ማለት ነው ወይስ ከፍ ይላል ማለት?»

መሪማ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከዚያ የሻሹን ጫፎች ሰብስባ ይዛ በአየር ላይ አንጠለጠለችው። ሽንኩርቱ ጨርቁን ወደ ታች ጎትቶ ተንዘረጠጠ።

«ይኸው አንቺ» አለች። እጇን አስገብታ ከሽንኩርቱ ግማሹን አወጣች። «ይኼ ይወሰዳል።» ሻሹ ረገበ። የረገበውን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አሳየቻት። «ይኼ ትርፉ ይቆረጣል።» ከዚያ ቋጠሮውን ወደ ላይ ስባ አጥብቃ ቋጠረችው፤ የቀረው ሽንኩርት ተሰብስቦ ክብ ሆነና ከፍ አለ። «ይኼ ደግሞ እላይ ይወጣል። ድሬሰርሽ አልዋሸሽም እኮ። ያንሳልም ይነሳልም።»

የሻረግ ቋጠሮውን ተቀብላ አዟዙራ አየችው። ቅድ ነው፣ አለች በልቧ። የልብስ ቅድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላስቸገራትም። «ያማል?»

«ሲሠሩሽ አታውቂም። መርፌ ይወጉሻል፣ ስምሽን ይጠይቁሻል፣ ሳትጨርሺው ትሄጃለሽ። ጉዱ ስትነቂ ነው። አፌ ገለባ ሆኗል፣ ሆዴ ይገላበጣል፣ ደረቴ ላይ ግመል የተኛ ይመስለኛል። በሁለቱ ጎኔ ቀጭን ጎማ ወጥቶ ደሙ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። ጎማው ሲወጣልኝ አረፍኩ ስል ማሳከኩ መጣ። ወላሂ ከሕመሙ ማሳከኩ ይብሳል።»

«ከዚያስ?»

«በጀርባ ብቻ መተኛት ነው። ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ አታነሺም። ፀጉርሽን የሚሠራሽ ሌላ ሰው ነው። እንስራ ማዘል የለም፣ ዱላ የሚያህል እንጨት እንኳ መሸከም የለም። ስመለስ ሲራጅ ውኃ ሲቀዳልኝ አገሩ ሁሉ ሳቀበት። ‹ለመሪማ ተነሳላት፣ ሲራጅ ወረደ› አሉት። ሳቁን እየቻለ ቀዳ፣ አላህ ይስጠው።» አሰብ አደረገችና «ደግሞ ከመሥራታቸው በፊት በቀለም ሥለውብኛል» አለች። «ሜትር ይዘው፣ እየለኩ፣ አቁመው።»

«ቆመሽ?»

«ቆሜ። በብርድ።»

«ልክ ናቸው» አለች የሻረግ ሳታስበው። «የተሰቀለ ጨርቅና የተነጠፈ ጨርቅ አንድ ልክ አይወጣቸውም። አስተኝተው ቢለኩሽ ኖሮ፣ ስትቆሚ ሌላ ቦታ ይውል ነበር።»

መሪማ ትኩር ብላ አየቻትና «ነይ ግቢ» አለቻት።

ቤት ውስጥ ቀሚሷን ገለጠች። የሻረግ በዚህ ጊዜ አላፈረችም፤ ቀረብ ብላ አየች። ጠባሳው በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ክብ ሆኖ፣ ከክቡ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርድና ከታች በእጥፋቱ ውስጥ አግድም ይዘረጋል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው የሻረግ ፊደል አነበበችበት፤ መሬት ላይ የቆመች «ቀ»። መስመሩ ነጣ ብሏል። የግራው ጡት ከቀኙ በጥቂቱ ከፍ ይላል።

«እኩል አይደሉም» አለች መሪማ ዓይኗን ተከትላ። «ለሐኪሙ ስነግረው ድሮስ እኩል ነበሩ ወይ አለኝ። አልነበሩም። ጠባሳው ደግሞ መጀመሪያ በርበሬ መስሎ ነበር፤ ዓመት ሲሞላው ነው የረጋው።»

«ወተቱስ?»

ከመርሳ የመጣችው ይህን ለመጠየቅ ነበር። መሪማ ቀሚሷን ቆለፈች፤ ልጣጭ የለበሰችውን ለይላን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ይቺ ስትወለድ ቀኙ መጣ። ግራው እንባ ያህል ብቻ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ሲራጅ የላም ወተት ይዞ በር ላይ ይቆማል። በኋላ ጎረቤቴ ሮማን መጣች። ሮማን ክርስቲያን ናት። ሁልጊዜ አራስ ናት፣ አላህ ይጨምርላት። ልጄን ከእጄ ነጥቃ ‹አንቺ ቀኝሽን ስጫት፣ የግራው የእኔ ድርሻ ነው› አለችኝ። አጠባቻት። አሁን ለይላ ለሮማን ወንዶች ልጆች የጡት እህት ናት፣ ከእነሱ ጋር መጋባት የሚባል ነገር ተዘግቷል። አንድ ሰርግ ቀረብን፣ አንድ ቤት አተረፍን።»

የሻረግ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «የሚቆጭሽ ነገር አለ?» አለች።

መሪማ ከለይላ ፀጉር ውስጥ ልጣጭ ለቀመች።

«ግራው አይሰማኝም። በቀኝ ስትይዘኝ እስከ እግር ጥፍሬ አውቀዋለሁ። በግራ ስትይዘኝ የማውቀው አይቼ ነው። የሌላ ሰው ጡት ስትጠባ የማይ ይመስለኛል።» ልጣጩን ወረወረችው። «ጀርባዬን ከጠየቅሽኝ ግን፣ እንኳን ሄድኩ። ሁለቱንም ነግሬሻለሁ። አንዱን ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ።»

«የእኔም እንዳንቺ ይሆን?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው የእኔን ነው። ከጎደለብሽ ግን ግራና ሩቅ አይደለም። ሮማን አለች አልኩሽ።»

ስትሰናበት መሪማ ያወጣችውን ሽንኩርት መልሳ ልትጨምርላት ነበር። የሻረግ ሻሹን ወደ ራሷ ሳበች። «እንዲሁ ይሁን» አለች። «እንደተቋጠረ እፈልገዋለሁ።»

እሑድ ገበየሁ ከወልድያ መጣ። የጠሩት እትዬ ታደለች ነበሩ፤ በፈንታው ልከውበት። እጁን ቢታጠብም ጥፍሩ ሥር የሞተር ጥቁረት አለ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ።

«በል ንገራት» አሉ እትዬ ታደለች።

«ምን ልንገራት?»

«አይሆንም በላት! ሌላ ምን ትላታለህ?»

ገበየሁ ባርኔጣውን ማዞሩን አቆመ። «መጀመሪያ እስቲ አሳዪኝ» አላት የሻረግን።

«ምን?» ብለው ዘለሉ እትዬ ታደለች። «ምን አልክ አንተ?»

«ሽንኩርቱን!» ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሽንኩርቱን ነው ያልኩት፣ እትዬ። ፈንታው ነግሮኝ ነው።»

የሻረግ ሳቋን ውጣ ቋጠሮውን አመጣች። መሪማ እንዳሳየቻት አድርጋ ፈትታ፣ አጉድላ፣ መልሳ ቋጠረችው። ገበየሁ ጎንበስ ብሎ የተከፈተ ሞተር እንደሚያይ ሰው አየ። ከዚያ በጣቱ ወደ ቋጠሮው ጠቆመ፤ ሳይነካው።

«ይኼ… ጫፉ ማለቴ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ከነሥሩ ነው የሚሄደው ወይስ ተነቅሎ እላይ ይተከላል?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ቧንቧው ነዋ! ቧንቧው ካልተቆረጠ ወተቱ ያልፋል። ተነቅሎ ከተተከለ ግን…» ባርኔጣውን እንደገና ማዞር ጀመረ። «ይቅርታ። እኔ የማውቀው መኪና ነው።»

የሻረግ ይህን መሪማን አልጠየቀቻትም ነበር። ቋጠሮውን እያየች «ባያልፍስ?» አለችው። «ወተት ባይኖረኝስ?»

«እኔ የማገባው ሰው ነው እንጂ ላም አይደለም።»

«ኧረ አፍህን!» አሉ እትዬ ታደለች። «ልጁስ? ሲወለድ ማን ያጠባዋል? አንተ?»

የሻረግ የቻለችውን ያህል ቀና አለች።

«እትዬ፣ እኔን ማን አጠባኝ?»

እትዬ ታደለች አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ራሳቸው ደረት ሄደ። «የእኔማ ሌላ ነው። እናትሽ ሞታ…»

«ማን አጠባኝ?»

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ እንደተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አሁን ደርቋል፣ ልጄ። ለልጅሽ ምን ልሆነው ነው?»

«እርስዎ ባይሆኑ ሰው አይታጣም ማለቴ ነው። ለእኔስ መች ታጣ?»

እትዬ ታደለች ተነሱና የታጠፈ አቡጀዲ ዘርግተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ጀርባቸውን እንደሰጡ «ብቻሽን አትሄጂም» አሉ። «ፎቶግራፍ የሚያነሱሽም እንደሆነ፣ እኔ እያየሁ ነው።»

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። በደሴው ክሊኒክ ሐኪሙ እንደ በፊቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ድሬሰሩም «ጥያቄ አለሽ ወይ ይላሉ» አላት። የሻረግ ከነጠላዋ ውስጥ ቋጠሮውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክፍሉ ሽንኩርት ሸተተ።

«ይኼ ጫፉ ነው» አለች፣ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አድርጋ። «ሲነሳ ከነሥሩ ነው ወይስ ተነቅሎ? ቧንቧው ይቆረጣል?»

ድሬሰሩ ሽንኩርቱን አየ፣ እሷን አየ። «ይኼን እንዴት አድርጌ…» አለና ተረጎመው። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ሻሹን ከቋጠሮው በታች አላላው፤ ከጨርቁ መሃል አንድ ወርድ ሳይነካ ትቶ፣ ግራና ቀኙን አጥፎ፣ ያን ወርድ ከነቋጠሮው ወደ ላይ አንሸራተተው። ቋጠሮው አንዴም አልተፈታም። ረጅም ነገር ተናገረ፤ በዚህ ጊዜ የሻረግ ድሬሰሩን «ሁሉንም ንገረኝ» አለችው።

ድሬሰሩ ሁሉንም ነገራት። ጫፉ አይነቀልም፣ ከነሥሩ ነው የሚወጣው። ሆኖም ወተት ይመጣል ብሎ ሐኪሙ ቃል አይገባም፤ የሚመጣላቸው አሉ፣ የማይመጣላቸውም አሉ። በኋላ ጫፉ ላይ ስሜት ከተረፈ ለወተቱም ደህና ምልክት ነው። ደግሞም መጀመሪያ ወልዳ፣ አጥብታ፣ ከዚያ መሠራትም ትችላለች። «ያኔ ግን እርሳቸው እዚህ አይኖሩም» አለ ድሬሰሩ። «ሌላ ይምጣ አይምጣ አያውቁም።»

የሻረግ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች። ጣቷ ቦዩን አገኘው፤ ገባበት። መሪማ በዓይኗ እያየች የምታጠባውን የግራ ጡት አሰበች። ሮማን ልጅ ስትነጥቅ አሰበች፤ ፊቷን አይታው ባታውቅም። እትዬ ታደለችን አየቻቸው፤ በሩ አጠገብ ቆመው ሁለቱንም እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል።

«ይነሳ» አለች።

በዚህ ጊዜ ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«እንግዲያው አስቀድመሽ ትነሻለሽ» አለ ድሬሰሩ፣ ከጥግ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ እየሳበ። በላዩ ካሜራ ነበር። «ሐኪሙ ከሥራው በፊትና በኋላ ያነሳሉ፤ ፊትሽ አይገባም።»

«አላልኩሽም!» አሉ እትዬ ታደለች። ከመርሳ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ።

በማግስቱ ጠዋት አቁመው ለኳት። የሐኪሙ ሜትር የሱቋን ሜትር ይመስላል። ቀለሙ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአንገቷ ሥር ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ፣ አዲሱ ቦታ ላይ ክብ ሲሠራ፣ አጎንብሳ እየተከተለች አየችው። ስሟን ጠየቋት። «የሻ…» አለች።

ስትነቃ አፏ ገለባ ነበር። «እትዬ» አለች፣ «ግመሉ መጥቷል።»

«የምን ግመል? ኧረ ልጄን አሳበዷት!»

«መሪማ ያለችው ግመል ነው» አለች የሻረግ፤ አስታወካትና መልሳ ተኛች።

ግመሉ ቀስ እያለ ተነሳ። ጎማዎቹ ወጡ። ማሳከኩም እንደተባለው መጣ፤ እትዬ ታደለች ፀጉሯን እየሠሩ እጇን እንዳታነሳ ይቆጧታል። ፋሻው ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቀን እትዬ ታደለች መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በጣቶቻቸው መሃል አጮለቁ። ከዚያ እጃቸውን ጣሉት።

«አለ እኮ!» አሉ። «አለ! ጡት ነው እኮ!»

ስፌቱ ቀይና ሻካራ ነበር፣ ቆዳው አብጧል፣ የቀለሙ ርዝራዥ ገና አልለቀቀም። የሻረግ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቆንጆ ነው ብላ አላሰበችም። የራሷን ሆድ ከላይ ሆና ስታይ የመጀመሪያዋ ነበርና እሱም አስገረማት።

ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፣ አንድ ነገር ተናገረ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የሚሰማሽን ንገሪን» አለ ድሬሰሩ።

ጨፈነች። ቀኝዋ ላይ አንድ ነገር ነካት።

«ጥጥ ነው» አለች ወዲያው። «እርጥብ ጥጥ።»

ድሬሰሩ እየሳቀ ተረጎመ። ከዚያ የሻረግ የግራው ተራ መሆኑን አወቀች። ጠበቀች። ከውጭ መኪና ሲነሳ ሰማች፣ የእትዬ ታደለችን ትንፋሽ ሰማች፤ ከደረቷ ግን ምንም አልመጣም። ዓይኗን ብትከፍት ጥጡ የት እንዳለ ታያለች፤ መሪማ የምታውቀውን ያህል ታውቃለች። አልከፈተችም። ምናልባት ገና አልነካኝም ይሆናል፣ አለች። ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ግንባሯን ቋጠር አደረገች።

«ዝንብ አረፈብኝ» አለች።

እትዬ ታደለች ነጠላቸውን አንስተው እየተቆጡ ወደ አልጋው መጡ። «የታለ? እዚህ ደግሞ ዝንብ!»

ሐኪሙ ድሬሰሩን አየው። ድሬሰሩ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጥጡን የያዘውን የሐኪሙን እጅ አየ፤ ከዚያ መተርጎም ጀመረ፣ በብዙ ቃል። በክፍሉ ውስጥ ዝንብ አልነበረም።